በደረት ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የፈሳሽ ማስወገጃ ቱቦ፦ እናቴን ከኢንፌክሽን እንዴት ልጠብቃት?

ጥያቄ፦ አስታማሚ ልጅ (ጎንደር፣ አዘዞ)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የ61 ዓመት ሴት ናት። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ኬሞ እየወሰደች ትገኛለች። ባለፈው ክረምት ከአልጋዋ ተነሥታ እስከ በራፉ መድረስ ሲያቅታት ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ በቀኝ ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ መቋጠሩም በራጅ ታየ። ሦስት ጊዜ በመርፌ ተቀዳላት፤ ነገር ግን ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ይመለስ ነበር። በኋላ ወንድሜ ወዳለበት አገር ለሕክምና ሄዳ ሳለ፣ በደረቷ ጎን ከቆዳ ሥር አልፎ የሚገባ፣ ጫፉ ላይ ቫልቭ ያለው ለስላሳ ቱቦ ተደረገላት። አየሩ አስቀድሞ የተመጠጠ ጠርሙስ እየተገጠመለት ፈሳሹን በየሁለት ቀኑ እኔው በቤት አወጣላታለሁ። ቱቦው ከገባላት ሁለት ወር አልፎታል፤ ትንፋሿም እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ተሻሽሏል።

አሁን ያስጨነቀኝ ነገር ቢኖር፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ቱቦው በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል መቅላት ማየቴ ነው። ስነካው ትንሽ ያማታል። ትኩሳት የላትም፤ የሚወጣው ፈሳሽም እንደ ወትሮው ቀላ ያለ ቢጫ ነው። አንዲት ዘመዳችን ቤት ውስጥ ያለውን አሞክሳሲሊን እንድሰጣት መከረችኝ። በሰፈራችን ውሃ ሲቋረጥ በጀሪካን ባጠራቀምነው ስለምንጠቀም፣ ኢንፌክሽኑ ከእኔ እጅ የመጣ እንዳይሆን እሠጋለሁ። ከውጭ የመጡት ጠርሙሶችም እያለቁ ስለሆነ፣ ያገለገሉትን በበረኪና አጥቤ ደግሜ ልጠቀምባቸው አስቤ ነበር። የሚቀጥለው ኬሞዋ የዛሬ ሳምንት ነው። እንዲህ ዓይነት ቱቦ ያለበትን ሰው ያስታመማችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1፦ ነርስ (ጎንደር)

እህቴ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ጥያቄዎን ያቀረቡት መቅላቱ ገና ሳይሰፋ መሆኑ ደስ ብሎኛል። መልሴ ረዘም ይላል።

አስቀድሜ የሁለቱን ቱቦዎች ልዩነት ላስረዳ፤ ምክንያቱም ጎረቤትም ሆነ ዘመድ የሚነግርዎት አብዛኛው ነገር ስለ ሌላኛው ቱቦ ሊሆን ይችላል። በየሆስፒታላችን በብዛት የምናየው፣ በቆዳ ላይ ተሰፍቶ በቀጥታ ወደ ደረት የሚገባውና ሌላው ጫፉ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ የሚነከረው ቱቦ ነው። ይህ ለቀናት ታስቦ የሚገባ በመሆኑ፣ በቆየ ቁጥር የቆዳ ጀርም የቱቦውን ጎን ይዞ ወደ ውስጥ የመዝለቁ ዕድል ይጨምራል። የእናትዎ ግን ከመውጫው ቀዳዳ ተነሥቶ ጥቂት ሴንቲሜትር ከቆዳ ሥር ከሄደ በኋላ ነው ወደ ደረት የሚገባው። በዚህ በተሸፈነው መንገድ ላይ ጨርቅ መሰል ቀለበት ተጠቅልሎበታል፤ በጊዜ ብዛት ሥጋ በቀለበቱ ውስጥ ስለሚበቅል ቱቦው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ ለጀርምም አጥር ይሆናል።

በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለው ቱቦ ለወራት ቢቆይም፣ ብዙ ሰው የሚፈራውን ያህል ኢንፌክሽን አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በ11 የሕክምና ማዕከላት ይህ ቱቦ የገባላቸውን 1,021 ሕሙማን የመረመረ ጥናት፣ በሳንባ ሽፋን ውስጥ ኢንፌክሽን የያዛቸው 50 ሰዎች፣ ማለትም ከመቶ አምስት ያህሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህም ውስጥ አብዛኞቹ በመድኃኒት ተሽሏቸዋል። ከግማሽ ለጥቂት በሚያንሱት ላይ የተገኘው ጀርም ስታፊሎኮከስ አውሪየስ የሚባለው ሲሆን፣ ይህም በጤነኛ ሰው ቆዳና አፍንጫ ላይ ሳይቀር የሚኖር ነው። የእጅ ነገር ደጋግሞ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ጀርም ዋና ዋና መግቢያው ሁለት ነው። አንደኛው ቱቦው ከቆዳ የሚወጣበት ቀዳዳ ሲሆን፣ ሌላውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፈሳሹ በወጣ ቁጥር የሚከፈተው የቫልቩ ጫፍ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን ከመግጠምዎ በፊት በርና መስኮት ይዝጉ፤ በዚህ በበጋው ወራት አቧራው ቀላል አይደለም። ሥራውን የሚሠራ አንድ ሰው ይሁን፣ ሌላው ሰው በዚያች ሰዓት ባይገባ ይመረጣል። ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ ጥፍርዎ አጭር ይሁን፣ አፍና አፍንጫዎን በማስክ ይሸፍኑ፣ እናትዎም ፊታቸውን ወደ ሌላ ጎን ያዙሩ። ውሃ በሌለበት ቀን ደግሞ እጅን ሳፋ ውስጥ ነክሮ መታጠብ አይበቃም፤ የመጀመሪያው እድፍ እዚያው ውሃ ውስጥ ስለሚቀር እጅ የሚለቀለቀው በዚያው ነው። ከጀሪካን በጆግ የተቀዳ ውሃ ሌላ ሰው እያፈሰሰልዎ፣ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ጣት በጣት እያሹ ይታጠቡ፤ በንጹሕ ፎጣ ካደረቁ በኋላ የእጅ አልኮል ተጠቅመው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ከጀርም የጸዳውን ጓንት ያጥልቁ። ቫልቩን ከመክፈትዎ በፊትም ሆነ ከዘጉት በኋላ በአዲስ የአልኮል ጥጥ ይጥረጉት፤ የድሮውን ክዳን አይመልሱ፣ አዲሱን ይግጠሙ። ቫልቩ ውስጥ ለእርሱ ከተሠራው ማገናኛ በቀር መርፌም ሆነ ሲሪንጅ እንዳይገባ፤ ቫልቩ ከተበላሸ አየርም ጀርምም ያስገባል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሊትር በላይ አያውጡ፤ ሳል፣ የደረት ሕመም ወይም የመጨነቅ ስሜት ከመጣም ወዲያውኑ ያቁሙ። መሸፈኛውን ፈሳሽ ባወጡ ቁጥር ይቀይሩ፤ ፈሳሽ የማይወጣበት ሳምንት ቢኖር እንኳ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከረጠበ ደግሞ በዚያው ሰዓት መቀየር አለበት።

ያገለገለውን ጠርሙስ አጥቦ ስለመጠቀም ያሰቡትን እባክዎ ይተዉት። በረኪና የጠርሙሱን ውስጥ ቢያጸዳ እንኳ የቧንቧውንና የማገናኛውን ውስጥ ከጀርም ነጻ አያደርገውም፤ አንዴ የተከፈተ ጠርሙስ ደግሞ የመሳብ ኃይሉን አጥቷል። ባዶ ሆኖ ልጅ እንዳያነሣው ከነፈሳሹ በጥንቃቄ ይወገድ።

መቅላቱን በተመለከተ፣ ዛሬ በእስክሪብቶ በዳርቻው ላይ መስመር ያስምሩበትና ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያም ቱቦው ከቆዳ ሥር የሚሄድበትን መንገድ በጣትዎ በቀስታ እየዳሰሱ፣ ሕመሙ ቀዳዳው ጋ ብቻ መሆኑን ወይም መንገዱን ይዞ መሄዱን ይዩ። ቀዳዳው ጋ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የቆዳ ኢንፌክሽን ስለሚሆን በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ ሆኖም ይህን መወሰን ያለበት አይቶ የመረመራቸው ሐኪም ነው። ዛሬ፣ ቢበዛ ነገ ጠዋት ይውሰዷቸው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ አዲስ የደረት ሕመም፣ መግል የመሰለ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካዩ ግን ነጋ አልነጋ ሳይሉ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አሞክሳሲሊኑን ከምርመራው በፊት አይስጧቸው።

መልስ 2፦ የደንቢያ ልጅ

ሲስተር የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለምን እንደጻፉ በራሴ ደርሶ ስላየሁት ልጨምር። አባቴ ከሳንባ ምች በኋላ በደረቱ ውስጥ መግል ተጠራቅሞ፣ ያ ጠርሙስ ያለው ቱቦ ገብቶለት ነበር። አምስት ሳምንት ቆየ። በአራተኛው ሳምንት ማታ ማታ ትኩሳት ጀመረው፤ እኔም ሐኪም ቤት ከማመላለስ ብዬ ጎረቤት ጋ የተረፈ አንቲባዮቲክ አምጥቼ ለአራት ቀን ሰጠሁት። ትኩሳቱ ቀለል አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። በአምስተኛው ቀን ግን መተንፈስ አቃተው። ከፈሳሹ ናሙና ተወስዶ ካልቸር ሲደረግ ምንም ጀርም አልበቀለም፤ ሐኪሙ እንደነገሩኝ፣ የሰጠሁት መድኃኒት ጀርሙን ሳይገድለው አዳክሞ ስለደበቀው፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። አባቴ ዳነ፤ ነገር ግን ሦስት ሳምንት ተጨማሪ አልጋ ይዞ በደም ሥር መድኃኒት ሲወስድ ቆየ።

ሌላም ስሕተት ሠርቻለሁ። በባጃጅ ስወስደው ጠርሙሱ እንዳይሰበር ብዬ ከትከሻዬ ከፍ አድርጌ ይዤው ነበር። ጠርሙሱ ከደረት በላይ ከወጣ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተመልሶ ወደ ደረት ሊፈስ እንደሚችል የነገረኝ አልነበረም። ያ ዓይነት ቱቦ ያላችሁ ሁሉ ጠርሙሱን ሁልጊዜ ከደረት በታች ያዙ።

መልስ 3፦ ከደባርቅ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ባዕድ ነገር ሰውነት ውስጥ እያለ ኢንፌክሽን አይድንም ሲባል ሰምቻለሁ። መቅላት ከጀመረ ወዲያውኑ ቢወጣ አይሻልም? እናታችን ተዳክመው ሳለ ለምን አደጋ ላይ ይጣላሉ?

መልስ 4፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ከደባርቅ የጻፉት ወንድማችን ያነሡት ሐሳብ በብዙ ሌሎች መሣሪያዎች ላይ እውነት ነው፤ በሽንት ቱቦና በደም ሥር ቱቦ ላይ እንዲያውም የተለመደው አሠራር ነው። ለደረት ቱቦ ግን ነገሩ ይለያል። በሳንባ ሽፋን ውስጥ መግል ሲኖር የመጀመሪያው ሕክምና መግሉን ማስወጣት ስለሆነ፣ ቀድሞ የገባው ቱቦ እስከሠራ ድረስ እርሱን አውጥቶ ሌላ አዲስ ቱቦ ለማስገባት ሕመምተኛውን እንደገና መብሳት አያስፈልግም። ሲስተር በጠቀሱት ጥናትም ኢንፌክሽን ከያዛቸው ከግማሽ በላይ የሆኑት ቱቦው ሳይወጣ ታክመዋል። ቱቦው የሚወጣው መድኃኒት እየተሰጠ ኢንፌክሽኑ ካልቀነሰ፣ ከቆዳ ሥር ያለው መንገድ ራሱ ከመረቀዘ፣ ወይም ቱቦው ተዘግቶ ፈሳሹ በአልትራሳውንድ እየታየ አልወጣ ካለ ነው። ለቆዳ መቅላት ብቻ ተብሎ የሚወጣበት ምክንያት የለም፤ ቢወጣ ፈሳሹ ተመልሶ እናትየዋን ወደዚያ የትንፋሽ ጭንቅ ሊመልሳቸው ይችላል።

ለጠያቂዋ ሦስት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ኬሞውን የሚመለከት ነው። ኬሞ መውሰድ ብቻውን ይህን ቱቦ አይከለክልም፤ ሆኖም ነጭ የደም ሴሎች ኬሞው ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ዝቅ ስለሚሉ፣ ቀላል የቆዳ ኢንፌክሽን በዚያ ሰዓት ሊባባስ ይችላል። የካንሰር ሐኪማቸው ስለ መቅላቱ ከቀጠሮው በፊት ይወቁ፤ በዚያ ወቅት የሙቀት መለኪያ 38 ዲግሪ ካሳየ፣ ሌላ ምንም ሕመም ባይኖርም እንኳ ድንገተኛ ነው።

ሁለተኛው የጠርሙሱ ጉዳይ ነው። ፈሳሹ የግድ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መውጣት አለበት የሚል ጽኑ ሕግ የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በካንሰር ምክንያት ፈሳሽ የቋጠሩ 87 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት፣ በየቀኑ የሚቀዳላቸውንና የትንፋሽ ችግር ሲሰማቸው ብቻ የሚቀዳላቸውን አወዳድሮ፣ በትንፋሽ እጥረት ረገድ ልዩነት አላገኘም። በየቀኑ የተቀዳላቸው ያገኙት ብልጫ የሳንባው ሽፋን ቶሎ ተጣብቆ ፈሳሹ መቆሙ ነው። ስለዚህ ጠርሙሶቹ እስኪደርሱ ድረስ ቀኑን ማራራቅ ይቻል እንደሆነ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። ፈሳሹ በሦስት ተከታታይ ጊዜ ከ50 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነም ይንገሯቸው፤ ሽፋኑ ተጣብቆ ቱቦው የሚወጣበት ጊዜ ደርሶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደግሞ ቱቦው ተዘግቶ ይሆናል፤ ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ነው።

ሦስተኛው የፈሳሹ መልክ ነው። በካንሰር ሕመምተኛ ደም የተቀላቀለበት ቀላ ያለ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ የሚታይ ስለሆነ ብቻውን ኢንፌክሽን አያመለክትም። ወተት የመሰለ ፈሳሽም ሁልጊዜ መግል አይደለም፤ የስብ መተላለፊያ ቧንቧ ሲጎዳም እንደዚያ ይሆናል። እንዲሁም ለወራት ከቆየ ቱቦ በተወሰደ ናሙና ላይ ባክቴሪያ መገኘቱ ብቻ፣ ሕመምተኛው ትኩሳትም ሕመምም ሳይኖረው፣ የግድ ኢንፌክሽን አለ ማለት አይደለም፤ ቱቦው ላይ የሰፈረ ጀርም ሊሆን ይችላል። ለመከላከል ተብሎ ለወራት አንቲባዮቲክ መዋጥም የሚመከር አይደለም፤ መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ይፈጥራል።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስላሉ አንድ ነገር ልበል፦ በአካባቢያችን ሳንባ ውሃ ቋጠረ ሲባል ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው የሳንባ ነቀርሳ ነው። እርሱ በስድስት ወር መድኃኒት የሚድን ስለሆነ በአብዛኛው ለወራት የሚቆይ ቱቦ አያስፈልገውም። የጉበት መጠንከር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ይህ ቱቦ ከካንሰር ሕሙማን ይልቅ ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው። ስለዚህ የአንዱን ሕመምተኛ ምክር ለሌላው ከመውሰዳችሁ በፊት ፈሳሹ ከምን እንደመጣ ጠይቁ።

ጠያቂዋ፦ ከሦስት ቀን በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በማግስቱ ጠዋት ወሰድኳት። ያሰመርኩት መስመር ትንሽ ታልፎ ነበር፤ ሐኪሟም ይህን ሲያይ ማስመሬ እንደጠቀመው ነገረኝ። ከቆዳ ሥር ያለው መንገድ አላመማትም፣ ከደረቷ የተቀዳው ፈሳሽም ሲመረመር ንጹሕ ሆነ። የቆዳ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ የሚዋጥ መድኃኒት ለሰባት ቀን ታዘዘላት፤ ኬሞው በአንድ ሳምንት ተራዘመ። ዛሬ መቅላቱ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። እጄን በሳፋ እንደምታጠብ ስነግራቸው የክፍሉ ነርስ ልክ እንደ ሲስተር ነው የመከሩኝ፤ አሁን ታናሽ እህቴ በጆግ እያፈሰሰችልኝ ነው። ፈሳሹን ትንፋሿ ሲከብዳት ብቻ እንዳወጣላት ተፈቅዶልኛል፣ በዚህ ስሌት ያሉት ጠርሙሶች ወንድሜ ሌላ እስኪልክ ይደርሳሉ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ጥምቀት ደርሷል፤ እናቴ በየዓመቱ ከፋሲለደስ መዋኛ ቀርታ አታውቅም። አክስቴም ጸበል ካልተጠመቀች ትላለች። ቅቤና የተፈጨ ቡና ቀዳዳው ላይ እናድርግላት ያሉም ነበሩ፤ እርሱን እንኳ እምቢ ብያለሁ። ጸበሉን ግን እንዴት ብዬ ልከልክላት?

መልስ 5፦ ነርስ (ጎንደር)

መስመሩ ወደ ውስጥ መግባቱን ሳነብ እፎይ አልኩ። ቅቤውንና ቡናውን እምቢ ማለትዎ ትክክል ነው፤ ማርም ሆነ አመድ እንደዚያው። ቀዳዳው ላይ የሚነካው ሐኪሙ ያዘዘው ብቻ ይሁን።

ጸበልን መከልከል አያስፈልግም፤ መከልከል ያለበት ውሃው ቱቦው ጋ መድረሱ ነው። ውስጡ መነከር ወይም ከላይ እስከ ታች መጠመቅ፣ ያውም ብዙ ሰው በሚገባበት ውሃ፣ ቱቦው እስካለ ድረስ መቅረት አለበት። እናትዎ የንስሐ አባት ካላቸው ደረታቸው ላይ ያለውን ነገር አስረድተው ይንገሯቸው። እኔ የማውቃቸው አባቶች እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲገጥማቸው ግንባርና እጅ ላይ ብቻ ረጭተው፣ በመስቀል ዳብሰው ይሸኛሉ። ለመጠጣት ግን ነጭ የደም ሴል በሚያንስበት ሰሞን ያልፈላ ውሃ ስለማይመከር ሐኪሙን ይጠይቁ። ወደ መዋኛው የሚሄዱ ከሆነ ከግፊያው ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ገላ ሲታጠቡ እንደሚያደርጉት መሸፈኛው ላይ ውሃ የማያስገባ ፕላስተር ይለጥፉበት፣ ከላዩ ወፈር ያለ ልብስ ይልበሱ፣ ቱቦው በሰው ክንድ ተይዞ እንዳይሳብ በደረታቸው ላይ ተጠምጥሞ ይያዝ። የተረጨው ውሃ ልብሳቸውን ካረጠበው ቤት እንደገቡ መሸፈኛውን ይቀይሩ፤ ማታ ላይም ሙቀታቸውን ይለኩ።

ጠያቂዋ

አሁን አንብቤላታለሁ፤ ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ታቦቱን ማየቷ ይበቃኛል ብላለች። የንስሐ አባታችን እሑድ ቤት ይመጣሉ፣ እነግራቸዋለሁ። የሙቀት መለኪያ ከፒያሳ ገዝቻለሁ፤ ጠዋትና ማታ እየለካሁ በደብተር ላይ እጽፋለሁ።